«አብሽር፣ መብራት የለም» ተብሎ ቦርድ አይከፈትም፦ ከአርክ ፍላሽ ቃጠሎ መትረፊያ፣ ደረጃ በደረጃ

ወሎ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቦርድ ከሚከፍቱ ሰዎች አፍ ደጋግሜ የምሰማት ዓረፍተ ነገር አለች። «አብሽር፣ መብራት የለም።» ከዚያ በሩ ይከፈታል፣ ካቻቢቴ ይገባል፣ ብሎን ይጠብቃል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥም፣ ደሴ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥም፣ ቆቦ የመስኖ ፓምፕ ዳርም ያው ነው። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ለጥገና መጠቀም ብልህነት ይመስላል። ግን መብራቱ ሲመለስ ማንንም አያስጠነቅቅም፣ ጀነሬተሩም ሲነሳ ማንንም አይጠይቅም።

እዚህ የምጽፈው መብራት ኖረም አልኖረም ያው የሆነውን ቅደም ተከተል ነው። ደረጃ አትዝለሉ። ብዙ ሰው የሚቃጠለው ሥራውን ስለማያውቅ ሳይሆን አራተኛውን ወይም ስድስተኛውን ደረጃ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ስለሚያልፈው ነው።

አርክ ፍላሽ በአጭሩ

ሁለት ፌዞች፣ ወይም አንድ ፌዝና የቦርዱ ላሜራ፣ በወደቀ መፍቻ ወይም በእርጥብ አቧራ ወይም በገባች አይጥ ምክንያት ሲገናኙ መካከላቸው ያለው አየር ራሱ ኮረንቲ ማስተላለፍ ይጀምራል። እዚያች ነጥብ ላይ ሙቀቱ እስከ 19,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፤ ከፀሐይ ገጽ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። መዳቡ ይተናል፣ ሲተንም 67,000 ጊዜ ያህል ይሰፋል። ፍንዳታው የሚመጣው ከዚህ ነው። በር ይገነጥላል፣ የቀለጠ ብረት ይረጫል፣ ጆሮና ዓይን ይጎዳል።

ሽቦ መንካት አያስፈልግም። ፊት ለፊት መቆም ይበቃል። «ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ኮረንቲ ይዞኝ አያውቅም» የሚል ሰው ስለ ሌላ አደጋ ነው የሚያወራው።

የቃጠሎውን ልክ በዋናነት የሚወስኑት የሚፈሰው ኮረንቲ፣ ብልጭታው የቆየበት ጊዜና የእናንተ ርቀት ናቸው። ጊዜው እጥፍ ሲሆን የሚያርፍባችሁ ሙቀትም እጥፍ ይሆናል። ርቀታችሁን እጥፍ ስታደርጉት ደግሞ ሙቀቱ በሲሶና በሩብ መካከል ወዳለ መጠን ይወርዳል። የሚቀጥለው ሁሉ ከእነዚህ አንዱን መቀነሻ ነው።

ደረጃ 1፦ ለቦርዱ ኃይል ከየት ከየት እንደሚመጣ ጻፉ

ወረቀት ያዙና ኃይል ሊመጣበት የሚችለውን አቅጣጫ ሁሉ ሳሉ። የመብራት ኃይል መስመር፣ ጀነሬተር፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ የሚሰጠው መሣሪያ)፣ ሶላር ካለ ሶላር፣ የፓወር ፋክተር ካፓሲተር (ኃይል አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ)። በጭንቅላታችሁ አትያዙት፤ ወረቀቱን ቦርዱ በር ላይ ከውስጥ ለጥፉት። ብዙ ቦታ ጀነሬተር በኋላ የመጣ ስለሆነ የድሮው ሥዕል ላይ የለም፤ ኬብሉን በእግራችሁ ተከተሉት።

ቀጥሎ ትራንስፎርመሩን እዩ። ሰሌዳው ላይ ኬቪኤው (የትራንስፎርመሩ አቅም) እና በመቶኛ የተጻፈ ኢምፒዳንስ (ውስጣዊ መቋቋሙ) አለ። ለ400 ቮልት ኬቪኤውን በ1.443 አባዙ፣ ሙሉ ጭነቱን በአምፔር ታገኛላችሁ። 630 ኬቪኤ ከሆነ 909 አምፔር ገደማ ነው። ኢምፒዳንሱ 4 በመቶ ከሆነ 909ን ለ0.04 አካፍሉ፤ ወደ 22,700 አምፔር ይመጣል። ሾርት ሲፈጠር ትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለው ቦርድ ላይ ሊፈስ የሚችለው ይህን ያህል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «የእኛ ትራንስፎርመር ትንሽ ነው፣ አያሰጋም» አትበሉ። ኮረንቲው ሲያንስ ብሬከሩ ቶሎ ላይወድቅ፣ ማለትም ላይቆርጥ፣ ይችላል። ያኔ ብልጭታው ይቆያል፣ ሙቀቱም ከትልቁ ሊብስ ይችላል። ጀነሬተር ላይ ሲሠራ ይሄ የተለመደ ነው።

ትክክለኛውን ስሌት የሚሠራው ኢንጂነር ነው፤ የሚጠቀምበት ዘዴ አይ ትሪፕል ኢ 1584 ይባላል፣ የቅርቡ እትም በፈረንጅ አቆጣጠር የ2018 ነው። ውጤቱ «በዚህ ርቀት ይህን ያህል ካሎሪ በካሬ ሴንቲ ሜትር» ተብሎ ቦርዱ ላይ ይለጠፋል። የምትይዟት ቁጥር 1.2 ናት። ራቁት ቆዳ ላይ 1.2 ካሎሪ ሲያርፍ ውሃ የሚቋጥር ቃጠሎ ይጀምራል። ስሌት ያልተሠራለት ቦርድ ላይ ኃይል እያለ ምንም ሥራ አይሠራም። ድርድር የለውም።

ደረጃ 2፦ ሰዓት ያዙ፣ ሰው ያዙ

ሥራውን መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ላይ አትለጥፉት። ፈረቃ በሚቀየርበት ወይም ምርት በሚቆምበት ሰዓት አድርጉት፣ አንድ ቀን ቀድማችሁ አሳውቁ። ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራ፣ የትኛው ብሬከር እንደሚቆለፍ አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ኃላፊው ይፈርምበት።

ለብቻችሁ አትግቡ። ሁለተኛው ሰው እንዲያግዛችሁ ሳይሆን ከ3 ሜትር በላይ ርቆ እንዲያይ ነው። ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ ያውቅ፣ ስልኩ ቻርጅ ይኑረው።

የፈረቃ ኃላፊው መጥቶ «ቶሎ በል እንጂ፣ መብራቱ ሳይመጣ ጨርሰው» ይላችኋል። ይሄ የማይቀር ነው። «ጋሼ፣ ሳልቆልፍ አልከፍተውም፤ ሩብ ሰዓት ይስጡኝ» በሉ፣ በትሕትና፣ ግን አትነቃነቁ። የፈረመው ወረቀት እጃችሁ ላይ ካለ ንግግሩ እዚያው ያልቃል።

ደረጃ 3፦ ልብሱን ከቦርዱ በፊት

ደሴ ይበርዳል። ጠዋት ሁሉም ከቱታው በላይ ያችን ለስላሳ የፖሊስተር ጃኬት ደርቦ ይመጣል። ኮምቦልቻ ደግሞ ይሞቃል፣ እጅጌ ይጠቀለላል፣ ቁልፍ ይከፈታል። ሁለቱም ያቃጥላሉ፦ ፖሊስተርና ናይለን ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ፣ የተከፈተ ደረት ደግሞ ምንም መከላከያ የለውም።

- ከውስጥ፦ ንጹህ ጥጥ ብቻ። ካናቴራም፣ የውስጥ ሱሪም፣ ካልሲም። ጥጥ ይነዳል እንጂ አይቀልጥም፤ ለብቻው ግን መከላከያ አይደለም።
- ከላይ፦ የአርክ ልክ የተጻፈበት ቱታ። መለያው ላይ አይኢሲ 61482 (የአርክ ልብስ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ወይም የካሎሪ ቁጥር ፈልጉ። «እሳት አይዘውም» የሚል ብቻ ከሆነ አይበቃም። በአሜሪካው የኤሌክትሪክ ደህንነት ደረጃ፣ በኤንኤፍፒኤ 70ኢ አመዳደብ ልኮቹ 4፣ 8፣ 25 እና 40 ካሎሪ ናቸው። ቦርዱ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር የሚበልጠውን ልበሱ። ከ40 በላይ ከተጻፈ ልብስ አትፈልጉ፤ ኃይሉን ከላይ አስቆርጡ።
- ፊት፦ ለአርክ የተሠራ የፊት መከላከያ፣ ከሥሩ አንገትና ጭንቅላት የሚሸፍን ኮፍያ፣ ከሥሩ መነጽር። የመበየጃ ጭንብል አይሆንም። የግራይንደር ፕላስቲክም አይሆንም።
- እጅ፦ የጎማ ጓንት፣ ከላዩ የቆዳ ጓንት። ለ400 ቮልት ክላስ 0 ውሰዱ፤ እስከ 1,000 ቮልት ይሠራል። ከመልበሳችሁ በፊት አፉን ጠቅልላችሁ አየር አስገቡበትና ጆሯችሁ ጋ አቅርባችሁ ጨምቁት። «ፍስስ» ካለ ጣሉት። ኮላ ለጥፎ መጠቀም የለም።
- የቀረው፦ የጆሮ መድፈኛ፣ የቆዳ ጫማ። ቀለበት፣ ሰዓት፣ የአንገት ሐብል፣ የብረት መቁጠሪያ ይወልቃሉ።

ሻርፕ ወይም ሒጃብ የምትለብሱ እህቶች፣ ገበያ ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ለሥራ የጥጥ ያዙ፣ ጫፉን ቱታው ውስጥ አስገቡ፣ የአርክ ኮፍያውን ከላዩ አድርጉ። አሠሪው ይህን አስቦ ሰፋ ያለ ኮፍያ ማቅረብ አለበት።

ቱታው በበረኪና አይታጠብም። ናፍጣ ወይም ግራሶ የነካው ቱታ ደግሞ የተለበሰ ማገዶ ነው።

«ይህን ሁሉ ማን ይገዛል?» ካላችሁ፣ አሠሪው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል።

ደረጃ 4፦ አጥፉ፣ ግን ከጎን ቆማችሁ

1. መጀመሪያ ጭነቱን አውርዱ። ሞተሮቹን በራሳቸው ማቆሚያ አቁሙ።
2. የቦርዱን በር ዝጉ። ብሬከር የሚጠፋው በር ተዘግቶ ነው።
3. ከብሬከሩ በስተቀኝ በኩል ቁሙ፣ በግራ እጃችሁ እጀታውን ያዙ።
4. ፊታችሁን ወደ ሌላ አዙሩ፣ ትንፋሽ ያዙ፣ በአንድ ጊዜ አጥፉ። ትንፋሽ የሚያዘው የጋለ ትነት ሳንባ እንዳይገባ ነው።
5. መሪ ብሬከሩን ከቅርንጫፎቹ በኋላ አጥፉ።

ጭነት ያለበትን ፊውዝ በእጅ መንቀል ክልክል ነው። የወፍጮ ቤት ወንድሞቼ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ድንጋዩ እየዞረ ፊውዝ መንቀል ማለት ብልጭታውን በእጅ መጥራት ነው።

*እጀታው አልንቀሳቀስ ካለ፦* አታስገድዱ፣ በመዶሻ አትምቱ። ውስጡ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ወደ ላይኛው ማጥፊያ ሂዱ።

*ከቦርዱ የሚያፏጭ ድምፅ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ፦* አትክፈቱት፣ እዚያውም አታጥፉት። ከላይ ካለው፣ ከራቀው ማጥፊያ ይጥፋ።

ደረጃ 5፦ ቆልፉ፤ መብራት ባይኖርም ቆልፉ

የጠፋውን እጀታ በጓጉንቸር ቆልፉ። ቁልፉ ኪሳችሁ ይግባ እንጂ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ። ሦስት ሰው የሚሠራ ከሆነ ሦስት ጓጉንቸር ይንጠልጠል፣ እያንዳንዱ የራሱን። ካርድ አንጠልጥሉ፤ ስም፣ ስልክ፣ የጀመራችሁበት ሰዓት። ካርዱ ብቻውን ማንንም አያቆምም፣ ሰው ገልብጦት ያበራል። የሚያቆመው ጓጉንቸሩ ነው።

አሁን ወደዚያች «አብሽር» እንመለስ። መብራት ጠፍቷል፣ ብሬከሩ ግን በርቶ ነው ያለው። እናንተ ባስ ባር (ኮረንቲ የሚያከፋፍለው የመዳብ ዘንግ) ላይ መፍቻ አሳርፋችኋል። መብራቱ ደረሰ። ከዚያ በኋላ መፍቻውን የማንሻ ጊዜ የለም። ወይም ደግሞ እዚህ ቦርድ ላይ እየሠራችሁ ማዶ ያለው ጥበቃ «ጨለማ ሆነ» ብሎ ጀነሬተሩን ያስነሳል። ክፋት የለውም፣ ሥራው ነው፣ ማንም አልነገረውም።

ስለዚህ፦

- ቼንጅ ኦቨሩን (ከመብራት ወደ ጀነሬተር መቀየሪያውን) መሐል ላይ፣ ማለትም የትኛውም ጋ ያልተገናኘበት ቦታ ላይ አድርጉና ቆልፉት።
- አውቶማቲክ ጀነሬተር ከሆነ መምረጫውን ከ«አውቶ» ወደ «ኦፍ» አዙሩ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱ። ባትሪ የሌለው ጀነሬተር በራሱ አይነሳም።
- ዩፒኤስና ሶላር ኢንቨርተር የራሳቸው ማጥፊያ አላቸው፤ እነሱንም።
- ለጥበቃው፣ ለጽዳቷ እመቤት፣ ለሻይ ቤቱ ልጅ ሳይቀር ንገሩ። ማብሪያ የሚነካ ሰው ሁሉ ይወቅ።

*ብሬከሩ የጓጉንቸር ቀዳዳ ከሌለው፦* መቆለፊያ ክሊፕ ይገዛል፣ ውድ አይደለም። እስኪገዛ ፊውዞቹን ነቅላችሁ ከእናንተ ጋር ያዙ፣ ወይም ኬብሉን ከብሬከሩ ፈትታችሁ ጫፉን ሸፍኑ። ይህም የሚሠራው ከብሬከሩ በላይ ያለው ሲጠፋና ተለክቶ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

*የቆለፈው ሰው ቁልፉን ይዞ ቤቱ ከሄደ፦* ደውሉለት፣ ይምጣ። ጓጉንቸሩ በመጋዝ የሚቆረጠው እሱ ግቢው ውስጥ እንደሌለ ኃላፊው በዓይኑ አይቶ፣ በስልክ አናግሮት፣ ፈርሞ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ ጠብቁ

ካፓሲተር ካጠፋችሁት በኋላም ኃይል ይዞ ይቆያል። ጤነኛ የፓወር ፋክተር ካፓሲተር በ3 ደቂቃ ውስጥ ከ75 ቮልት በታች መውረድ አለበት፤ የማውረጃው ሬዚስተር ተቃጥሎ ከሆነ ግን አይወርድም። 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያም ለክታችሁ እንጂ ቆጥራችሁ አትመኑት። የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎች ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ ሽፋናቸው ላይ ተጽፏል፤ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ የተለመደ ነው።

ይህን ጊዜ መሣሪያችሁን ለመቁጠር ተጠቀሙበት። ስንት መፍቻ፣ ስንት ካቻቢቴ ይዛችሁ እንደገባችሁ ጻፉ።

ደረጃ 7፦ ለኩ፣ የምትለኩበትንም ለኩ

መከላከያው እስካሁን አልወለቀም። «ኃይል የለም» ብላችሁ እስክታረጋግጡ ድረስ ቦርዱ ኃይል እንዳለው ነው የሚቆጠረው።

1. መልቲሜትሩን ኃይል እንዳለው በምታውቁት ቦታ ላይ ሞክሩት። 230 አካባቢ ያሳይ።
2. ቦርዱን ለኩ። ፌዝ ከፌዝ 3፣ ፌዝ ከኒውትራል 3፣ ፌዝ ከኧርዝ 3፣ ኒውትራል ከኧርዝ 1። አሥር ልኬት ነው፣ አንዱም አይዘለልም።
3. ተመልሳችሁ መልቲሜትሩን ያው ኃይል ያለበት ቦታ ላይ ሞክሩት። መሐል ላይ ተበላሽቶ ዜሮ አሳይቷችሁ እንዳይሆን።

መብራት ጠፍቶ ስትሠሩ ሌላው ወጥመድ እዚህ ነው። ከተማው ሁሉ ጨለማ ከሆነ መልቲሜትሩን በምን ትሞክሩታላችሁ? ዜሮ ማንበቡ ምንም አይነግራችሁም፤ ገመዱ ውስጡ ተበጥሶም ዜሮ ያነባል። ወይ ትንሽ መሞከሪያ መሣሪያ ይኑራችሁ፣ ወይ ከቦርዱ ጋር ያልተገናኘ፣ ለብቻው የቆመ የኮምፒውተር ዩፒኤስ ተጠቀሙ። ሁለቱም ከሌሉ መብራቱ እስኪመጣ ሥራው ይቆይ።

ያቺ መብራት ያላት ካቻቢቴ ቴስተር ለዚህ አትሆንም። ኪሳችሁ ውስጥ ትቆይ።

መልቲሜትሩ ላይ «ካት» (መለኪያው የሚችለው የአደጋ ደረጃ) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ለፋብሪካ ቦርድ ካት ሦስት፣ ከትራንስፎርመር በቀጥታ ለሚመጣው ዋና መስመር ካት አራት፣ 600 ቮልትና ከዚያ በላይ። ብዙዎቹ ልኮች እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው የሚሠሩት። ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ናት። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ መከላከሉም ይቀንሳል። ደሴና ከዚያ በላይ ያላችሁ መመሪያውን አንብቡ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ያዙ። ለአዲስ ብሬከርና ቦርድ ግዢም ሻጩን «የከፍታ ልኩ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀዩ ገመድ «አምፔር» የሚለው ቀዳዳ ላይ ተረስቶ ቮልቴጅ ከተለካ መልቲሜትሩ ራሱ ሾርት ይሆናል። ሁልጊዜ ገመዱን በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ ለኩ።

*ኃይል ካነበበ፦* እጃችሁን አውጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ወደ ደረጃ 1 ሥዕል ተመለሱ። ያልቆለፋችሁት ምንጭ አለ። ከ10 እስከ 60 ቮልት የሚዋዥቅ ነገር ካነበበ ከአጠገብ ኬብል የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ግን «ሊሆን ይችላል» ብላችሁ አትንኩ። ውስጣዊ ጭነት ባለው ቴስተር ድገሙት። ከጠፋ የውሸት ነው፣ ከቆየ የእውነት ነው።

ደረጃ 8፦ ያልጠፋውን ሸፍኑ

ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ ቆልፋችኋል። የብሬከሩ የመግቢያ ጫፍ ግን አሁንም ኃይል አለው! ከትራንስፎርመሩ የሚመጣው ኬብል እስከዚያ ድረስ ይደርሳል። «ዋናውን አጥፍቻለሁ» ብሎ ያንን ብሎን ሊያጠብቅ የሄደ ሰው ነው ክፉኛ የሚቃጠለው።

ሥራው እዚያ ጫፍ ላይ ከሆነ ከትራንስፎርመሩ በላይ ያለው ድሮፕ አውት (ምሰሶው ላይ ያለው የከፍተኛ ቮልቴጅ ፊውዝ) መከፈት አለበት፤ ያንን የሚከፍቱት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞች ናቸው። በራሳችሁ ዱላ አትሞክሩት። 15 ኪሎ ቮልት ወይም 33 ኪሎ ቮልት ነው፣ ሌላ ሥልጠና ይጠይቃል። ተቆርጦ ከተለካ በኋላ ሦስቱን ፌዞች በወፍራም ገመድ አንድ ላይ አገናኝታችሁ ኧርዝ አድርጉ። ገመዱ መጀመሪያ ኧርዙ ላይ ይታሠራል፣ ከዚያ ፌዞቹ ላይ፤ ሲፈታ በተቃራኒው።

ሥራው ከብሬከሩ በታች ከሆነ የላይኛውን ጫፍ በጠንካራ መከላከያ ሸፍኑ። ካርቶን አይደለም።

ደረጃ 9፦ ሥራው

እዚህ እንኳን ደረስን፣ ሥራውን ታውቁታላችሁ። ጥቂት ብቻ ልበል። መሣሪያው 1,000 ቮልት የተጻፈበት፣ እጀታው ያልተላጠ ይሁን። ብሎን በክንድ ስሜት አይጠብቅም፤ በቶርክ መፍቻ፣ አምራቹ በጻፈው ልክ። የላላ ብሎን ይሞቃል፣ ከመጠን ያለፈ ደግሞ ክሩ ይበላና ተመልሶ ይላላል። ቡናማ ወይም ሰማያዊ የሆነ መዳብ ካያችሁ እዚያ ሲሞቅ ቆይቷል።

አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉ። በተለይ ወፍጮ ቤትና ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ዱቄቱና ብናኙ ወደ ኮንታክተሩ ውስጥ ነው የሚገባው። በቫኪዩም ምጠጡት። የኬብል መግቢያ ቀዳዳዎችን ድፈኑ፤ አይጥና እንሽላሊት በዚያ ነው የሚገቡት።

ደረጃ 10፦ መልሶ ማብራት

1. መሣሪያ ቁጠሩ። አንድ ከጎደለ አይበራም፣ እስኪገኝ።
2. የታሠረውን ኧርዝ ፍቱ። ይህን የረሳ ሰው ሾርት ላይ ነው የሚያበራው።
3. በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን መከላከል መለኪያ) ለኩ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ አታብሩ። ኤሌክትሮኒክስ ያለበትን መጀመሪያ ፍቱት።
4. በሮቹን ሁሉ ዝጉ፣ ብሎናቸውን እሰሩ።
5. እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጓጉንቸር ይፍታ።
6. መከላከያውን ለብሳችሁ፣ ከጎን ቆማችሁ፣ ያለ ጭነት አብሩ። ከዚያ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ።
7. የጀነሬተሩን ባትሪ መልሱ።

*ብሬከሩ ወዲያው ከወደቀ፦* መልሳችሁ አታብሩት። «አንዴ ልሞክረው» የምትለዋ ሁለተኛ ሙከራ ሾርቱን በሙሉ ኃይል ትመግበዋለች። ፊውዝ ከተቃጠለም በሽቦ አትቀጥሉት፤ ያ ሽቦ አይቆርጥም፣ የብልጭታውን ጊዜ ያረዝመዋል። አጥፉ፣ ቆልፉ፣ ለኩ፣ ምክንያቱን አግኙ።

ብልጭታው ከተፈጠረ

ከርቀት የቆመው ሰው ሥራ አሁን ነው።

ወደ ሰውየው አትሩጡ። መጀመሪያ ከላይኛው ማጥፊያ ኃይሉን ቁረጡ። ልብሱ እየነደደ ከሆነ መሬት ላይ አንከባልሉት፣ በሱፍ ብርድ ልብስ ወይም በጥጥ ጋቢ አፍኑት። ቦርዱ ላይ ውሃ አይደፋም፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ነው።

ካልተነፈሰ የደረቱን መሐል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ግፉ። እርዳታ እስኪመጣ አታቁሙ።

እየተነፈሰ ከሆነ ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ አብርዱ። በረዶ አይደለም። የቀረውን አካሉን ሸፍኑት፣ እንዳይበርደው። ሳያብጥ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ጨርቅ አትላጡ፣ ዙሪያውን ቁረጡት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና ዱቄት አይቀባም፤ እናቶች በፍቅር ነው የሚያመጡት፣ በትሕትና መልሱላቸው። በንጹህ ጨርቅ አላልታችሁ ሸፍኑት።

«ደህና ነኝ» ብሎ ቢነሳም ሐኪም ቤት ይሂድ። ኮረንቲ አልፎበት ከሆነ ልቡ ቆይቶ ሊዛባ ይችላል፣ የጋለ ትነት ከሳበ ጉሮሮው ከሰዓታት በኋላ ሊያብጥ ይችላል፣ ዓይኑም ማታ ላይ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረዋል። ድምፁ ከጎረነነ ወይም አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት ካለ ቁጭ አድርጋችሁ አጓጉዙት፣ አታስተኙት። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ መኪናው ሲነሳ ሆስፒታሉ ጋ ደውሉ። አብሮት የሚሄደው ሰው የመስመሩን ቮልቴጅ፣ አደጋው የደረሰበትን ሰዓት፣ ስንት ሜትር ላይ እንደቆመና ራሱን ስቶ እንደነበር ወረቀት ላይ ጽፎ ለሐኪሙ ይስጥ።